ዓሣ በመስተዋት ገንዳ ከመግባቱ በፊት ውኃውን ስለ ማዘጋጀት

በትምህርት ቤት ውስጥ ዓሣ የሚኖርበት የመስተዋት ገንዳ ቢኖር ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። ዓሣ እንዴት እንደሚተነፍስ፥ እንዴት እንደሚበላ፥ በምን እንደሚዋኝ፥ በመጽሐፍ ሥዕል ከሚያዩት ይልቅ በዓይናቸው የተመለከቱት እንደ ሆነ ከልባቸው አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ በደስታ ተዠምሮ በኀዘን ይፈጸማል። ገንዳው በተሞላበት ቀን ወይም በማግሥቱ ዓሦቹ ይገባሉ፤ ሁለት ሦስት ቀን ደኅና ሆነው ይታያሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ምግቡን ይተዋል፥ ሌላው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ ጥቂት ቀንም ሳይቈይ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈው ይገኛሉ። ውኃው ግን እንደ ምንጭ የጠራ ነው። ስለዚህ ከልጆቹ አንዱ «ቡዳ በላቸው» ይላል፤ ሌላው ምግብ ሰጪ የነበረውን ጓደኛውን ይከሳል፤ መምህሩም የሚመልሰው ቃል ያጣል።

የዓሦቹ ሞት ምክንያት ግን የታወቀ ነው። ውኃው ጠራ እንጂ አልተዘጋጀም። በዓይን የማይታዩ ሠራተኞች አስቀድመው በገንዳው ውስጥ ሰፍረው ሊቀመጡ ይገባ ነበር፤ እነርሱ ሳይሰፍሩ ዓሣው ገባ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ አንድ ወር መታገሥ ያልቻለ ሰው ብዙ ወር ይደክማል። ይህ ነገር እንዴት እንደ ሆነና ምን ሊደረግ እንደሚገባ ከዚህ ቀጥሎ በየተራው ይገለጻል።

1. የመርዙ ምንጭ

ዓሣ እንደ ማንኛውም እንስሳ ይበላል፤ የበላውም ሁሉ ሥጋ አይሆንለትም። ከምግቡ የተረፈው አሞኒያ የሚባል ነገር ሆኖ ከሰውነቱ ይወጣል፤ የሚበዛውም የሚወጣው በራሱ ግራና ቀኝ ባለው መተንፈሻ በኩል ነው። ሳይበላ የቀረ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም በውኃ ውስጥ ሲፈርስ ይህንኑ አሞኒያ ይሰጣል። አሞኒያ ለባላገር እንግዳ ነገር አይደለም፤ በማለዳ የበቅሎ ጋጣ ወይም የበግ ጉረኖ ሲከፈት አፍንጫን የሚወጋውና ዓይንን የሚያስለቅሰው ሽታ እርሱ ነው።

ጋጣ በር አለው፥ ነፋስም ይገባዋል። ሐይቅና ወንዝም ሰፊ ስለ ሆነ የዓሣውን ጕድፍ ይበትነዋል። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ያለ ዓሣ ግን የሚተነፍሰውም የሚበላውም የሚጸዳዳውም በአንዲት ጠባብ ስፍራ ነው። በ1 ሊትር ውኃ ውስጥ 1 ሚሊግራም የማይሞላ አሞኒያ እንኳ ዓሣን ሊጎዳ ይችላል። ይህን ያህል ጥቂት መርዝ መልክም ሽታም ስለሌለው የውኃው መጥራት ሰውን ያታልለዋል።

የአሞኒያ ክፋት ደግሞ እንደ ውኃው ጠባይ ይለያያል። የውኃ ጠባይ ፒኤች በሚባል ልክ ይለካል። 7 መካከለኛ ነው፤ ከ7 በታች ወደ ኮምጣጣነት፥ ከ7 በላይ ወደ አመድ ውኃ ጠባይ ያደላል። የውኃው ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን፥ በውስጡ ካለው አሞኒያ ብርቱ መርዝ የሚሆነው ክፍል ፒኤቹ 7 ቢሆን ከ200 እጅ 1 እጅ ያህል ነው፤ 8 ቢሆን ከ100 እጅ 5 እጅ ያህል ነው፤ 9 ቢሆን ግን ከ3 እጅ 1 እጁን ያልፋል። ስለዚህ የጉድጓዱ ውኃ ወደ አመድ ውኃ ጠባይ በሚያደላበት አገር፥ ይልቁንም በስምጥ ሸለቆ፥ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

2. መርዙን ስለሚለውጡት ረቂቃን ሠራተኞች

በምድርና በውኃ ሁሉ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ረቂቃን ነፍሳት አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ አሞኒያን ተመግበው ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል። ናይትራይትም ገና መርዝ ነው፤ በዓሣው ደም ገብቶ ደሙን ቡና ያስመስለዋል፤ ደሙም ኦክሲጅን መሸከም ስለሚያቅተው፥ ውኃው ኦክሲጅን ሞልቶት ሳለ ዓሣው እንደ ታፈነ ይሞታል። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ይህን ናይትራይት ተቀብለው ናይትሬት ያደርጉታል። ናይትሬት እጅግ ካልበዛ በቀር ዓሣን አይጎዳም፤ ለአትክልት ግን ምግብ ነው።

ይህ ሥራ በገንዳ ውስጥ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በእርሻ መሬት ላይ የተበተነ ፍግ እህልን የሚያፋፋው ከብዙ በጥቂቱ በእነዚሁ ሠራተኞች ነው። በአውሮፓም በቀድሞ ዘመን ባሩድ ሠሪዎች ከአሮጌ ጋጣ አፈርና ግድግዳ የሚያወጡት ጨው ባክቴሪያዎች ከከብት ሽንት የሠሩት ናይትሬት ነበረ።

ስለ እነዚህ ሠራተኞች ሁለት ነገር በሚገባ መታወቅ አለበት። አንደኛው፥ አብዛኛዎቹ የሚኖሩት በውኃው ውስጥ ተንሳፈው ሳይሆን በጠጠሩ፥ በመስተዋቱና በማጣሪያው ሰፍነግ ላይ ተጣብቀው ነው። ሁለተኛው፥ አራባቸው እጅግ የዘገየ ነው። ከሌሎች ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ሲሆኑ፥ እነዚህ እጅግ ቢፈጥኑ በ8 ሰዓት ያህል፥ ብዙ ጊዜም በአንድ ቀንና ከዚያም በሚበልጥ ጊዜ ነው። አዲስ ገንዳ ሳምንታት የሚያስጠብቀው ስለዚህ ነው።

3. ይህ ነገር እንዴት እንደ ታወቀ

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የእንግሊዝ አገር የኬሚስትሪ ሊቅ በ1849 ዓ.ም. ሁለት ትንንሽ ወርቃማ ዓሦች ከውኃ ሣር ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ አኖረ። ሣሩ ሲበሰብስ ውኃው ደፈረሰ፤ ስለዚህ የበሰበሰውን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረ፤ ከዚያም በኋላ ውኃው ሳይለወጥ ዓሦቹ በሰላም ኖሩ። ይህንንም በ1850 ዓ.ም. በጽሑፍ አስታወቀ። በ1853 ዓ.ም. ሕዝብ የሚጐበኘው የዓሣ ቤት በሎንዶን የአራዊት ሥፍራ ተከፈተ።

ይሁን እንጂ አሞኒያው ወዴት እንደሚሄድ በዚያ ጊዜ አልታወቀም ነበር። በ1877 ዓ.ም. ሽሎዚንግና ሙንትዝ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን አሸዋ በተሞላ ረዥም ቱቦ የቆሻሻ ፍሳሽ ቀስ እያደረጉ አሳለፉ። እስከ 20 ቀን ድረስ አሞኒያው እንደ ገባ ወጣ። ከዚያ በኋላ ናይትሬት ይታይ ዠመረ። ክሎሮፎርም የሚባለውን መድኃኒት ቢጨምሩበት ሥራው ቆመ፤ ክሎሮፎርሙን አስወግደው ከአትክልት አፈር የታጠበ ውኃ ጥቂት ቢያፈሱበት ሥራው እንደ ገና ተነሣ። በዚህም ናይትሬትን የሚሠራው ሕይወት ያለው ነገር መሆኑ ተረጋገጠ።

የዚያ የዋሪንግተን ልጅ፥ ስሙም እንደ አባቱ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለው፥ በሮተምስቴድ የእርሻ ምርመራ ሥፍራ ይህን ነገር ብዙ ዓመት መርምሮ፥ ሥራው በሁለት ደረጃ እንደሚፈጸምና በየደረጃው ልዩ ልዩ ባክቴሪያ እንደሚሠራ አሳየ። አባት ዓሣውን አኖረ፤ ልጅ ዓሣው የሚኖርበትን ምሥጢር አገኘ። ባክቴሪያዎቹን ለየብቻ ለይቶ ያወጣ ግን በ1890 ዓ.ም. ገደማ ዊኖግራድስኪ የተባለ ሩስያዊ ሊቅ ነው። ከዚህም ወዲህ በ1998 ዓ.ም. ጨው በሌለው የዓሣ ገንዳ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠራው ናይትሮስፒራ የሚባለው ወገን እንደ ሆነ ተገለጠ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከናይትሮስፒራ ወገን ሁለቱንም ሥራ ብቻውን የሚፈጽም እንዳለ ታወቀ።

4. ገንዳውንና ውኃውን ስለ ማሰናዳት

ለትምህርት ቤት 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፥ 30 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ገንዳ ይበቃል። ልጆች ቍጥሮቹን ቢያባዙ 63,000 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፥ ይኸውም 63 ሊትር ያገኛሉ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ስለሚመዝን፥ መስተዋቱና ጠጠሩ ሳይቈጠር ውኃው ብቻ 63 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ጠንካራ መሆን አለበት። ገንዳው ብርቱ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጥ። በሳሙና ፈጽሞ አይታጠብ። በግርጌው የታጠበ ጠጠር ይነጠፍ፤ አየር የሚነፋ መሣሪያና የሰፍነግ ማጣሪያም ይደረግለት። ሠራተኞቹ 1 ግራም ናይትሮጅን ከአሞኒያ ወደ ናይትሬት ለመለወጥ ከ4 ግራም በላይ ኦክሲጅን ይፈጃሉና፥ ያለ አየር ሥራቸው ይቆማል። የደጋ ሰዎች ይህን አብዝተው ያስቡ፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 9 ሚሊግራም ኦክሲጅን ሲይዝ፥ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ግን የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ብቻ ነው።

የቧንቧ ውኃ የሆነ እንደ ሆነ ክሎሪን አለበት። ክሎሪን ለሰው ጤና የተጨመረ ነው፤ ነገር ግን ሠራተኞቹን ባክቴሪያዎች ይገድላል፥ ዓሣንም ይጎዳል። ስለዚህ ውኃው አፉ በሰፋ ዕቃ ቢያንስ 24 ሰዓት ተገልጦ ይደር። የዝናብ ውኃ ከሆነ ክሎሪን የለበትም፤ ግን ኖራነት ስለሚጐድለው፥ ባክቴሪያዎቹ ሲሠሩ ውኃው እየኮመጠጠ ይሄዳል፤ ፒኤቹም ከ6 በታች ሲወርድ ሥራቸው እጅግ ይደክማል። ለዚህም መድኃኒቱ ጥቂት የኖራ ድንጋይ ጠጠር መጨመር ነው።

ከወንዝ ወይም ከሐይቅ ውኃና ጠጠር ለማምጣት ልጆችን መላክ አይገባም። በብዙ ስፍራ በውኃ ዳር የሚገኙ ቀንድ አውጣዎች የብልሃርዝያን በሽታ ያስተላልፋሉ፤ በሽታውም ወደ ውኃው በገባ ሰው ቆዳ አልፎ ይገባል። እንደዚሁም በጣና ሐይቅ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው እንቦጭ፥ አበባው ቢያምርም፥ ለገንዳ ተብሎ ከስፍራ ወደ ስፍራ አይወሰድ።

5. ዓሣ ሳይገባ ሠራተኞቹን ስለ መመገብ

ሠራተኞቹ እንዲሰፍሩ ምግባቸውን ማግኘት አለባቸው፤ ምግባቸውም አሞኒያ ነው። ስለዚህ ዓሣ በገንዳው እንዳለ ተደርጎ፥ በየቀኑ በሁለት ጣት የሚቈነጠር የዓሣ ምግብ ወይም የተፈጨ ደረቅ ዓሣ ይጨመር። ጨውና ቅመም የነካው ነገር ግን አይሆንም። ከቆየ ደኅና የዓሣ ገንዳ አንድ እፍኝ ጠጠር ወይም ቁራጭ ሰፍነግ እርጥብ እንደ ሆነ ቢመጣ፥ ፈረንሳውያኑ የአትክልቱን አፈር ውኃ እንዳፈሰሱት ይሆናል፤ ጊዜውንም ያሳጥረዋል፤ ለእንጀራ ሊጥ እርሾ እንደ ማድረግ ነው።

በየቀኑ፥ ባይቻል በየሁለት ቀኑ፥ ውኃው በመመርመሪያ ጠብታ ይለካ፤ ጠብታው መልኩን ሲለውጥ አብሮት ከሚሸጠው የቀለም ሰሌዳ ጋር ይነጻጸራል። ልኩም በክፍሉ ግድግዳ በተሰቀለ ወረቀት በ3 ረድፍ፥ አሞኒያ፥ ናይትራይት፥ ናይትሬት ተብሎ ይጻፍ። ነገሩም በዚህ ዐይነት ይሄዳል።

በመዠመሪያዎቹ ቀናት ውኃው እንደ አጓት ነጣ ሊል ይችላል፤ ይህ በምግቡ የረቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ናቸውና አያስፈራም፥ በጥቂት ቀን ይጠራል። የብዙ ሰው ስሕተት የሚዠምረው እዚህ ላይ ነው፤ ውኃው ስለ ጠራ ተዘጋጀ ብሎ ዓሣውን ያስገባል። በዚያ ጊዜ ግን አሞኒያው ገና እየጨመረ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ናይትራይት ይታያል፥ አሞኒያውም መቀነስ ይዠምራል። ከዚያ በኋላ ናይትራይቱ ከፍ ብሎ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ልጆችም የሚሰለቹት በዚህ ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ሁለተኛው የሠራተኛ ወገን እየረባ ያለው ያን ጊዜ ነው። በመጨረሻም ናይትራይቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ይወርዳል፥ ናይትሬቱም ይጨምራል።

የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ይህ ሁሉ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በደጋ አገር ውኃው 16 ወይም 18 ዲግሪ ሲሆን እስከ 2 ወር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረም የተዠመረ ገንዳ በቈላ በጥቅምት አጋማሽ፥ በደጋ በኅዳር ዓሣ ሊቀበል ይችላል ብሎ ማሰብ ነው። የሚፈረደው ግን በቀን ቍጥር ሳይሆን በልኩ ነው፤ ምግቡ ሳይቋረጥ፥ አሞኒያውም ናይትራይቱም 7 ቀን ያህል በተከታታይ 0 ሆነው ሲገኙ፥ ያን ጊዜ ገንዳው ተዘጋጅቷል።

6. ዓሣ ስለሚገባበት ቀንና ከዚያ በኋላ ስላለው ጥንቃቄ

በሳምንታቱ የተከማቸው ናይትሬት እንዲቀንስ የውኃው እኩሌታ ወጥቶ ክሎሪን በሌለው ውኃ ይተካ። የወጣው ውኃ አይጣል፤ በጎመን መደብ ላይ ቢፈስ አትክልቱን ያለማል። ከዚያም ጣት የሚያህሉ 2 ወይም 3 ዓሦች ብቻ ይግቡ፤ የመጡበትም ዕቃ ሙቀቱ ከገንዳው ጋር እስኪተካከል ድረስ ይቈይ። የሠራተኞቹ ብዛት የሚሆነው በሚያገኙት ምግብ ልክ ነውና፥ ብዙ ዓሣ በአንድ ቀን ቢገባ ሥራው ይበዛባቸዋል። ሌላ ዓሣ ቢፈለግ ከ2 ሳምንት በኋላ ይጨመር። ቆሮሶ ጠንካራ ዓሣ ስለ ሆነ ለትምህርት ይመቻል፤ ነገር ግን ሲያድግ ገንዳው ስለሚጠበው ግልገሉ ብቻ ይያዝ፤ ያደገውም ወደ ዓሣ እርሻ ኩሬ ይዛወር እንጂ ወደ ሌላ ወንዝ ወይም ሐይቅ አይጣል።

ምግቡ በቀን አንድ ጊዜ፥ ዓሦቹ በ3 ደቂቃ ውስጥ የሚጨርሱት ያህል ይሁን። በየሳምንቱ የውኃው ሩብ ይለወጥ።

ንጽሕና የሚወዱ ልጆች ሳያውቁ ከሚያደርጉት ጥፋት ዋናው ማጣሪያውን በቧንቧ ውኃና በሳሙና ማጠብ ነው። ሰፍነጉ ነጥቶ ይወጣል፤ ነገር ግን የወር ድካም የተሰበሰበበት የሠራተኞች ከተማ ፈርሷል፤ በጥቂት ቀንም ዓሦቹ ይታመማሉ። ሰፍነጉ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፥ ቀስ ብሎ በመጭመቅ ብቻ ነው፤ እንዲደርቅም አይተው።

ዓሣው አስቀድሞ ገብቶ ያደረ እንደ ሆነ ተስፋ አይቈረጥ። ምግቡ ለጥቂት ቀን ይቋረጥ፤ በየቀኑ የውኃው ሢሶ ክሎሪን በሌለውና ሙቀቱ በተካከለ ውኃ ይለወጥ። በናይትራይት ጊዜ በጣም ጥቂት የወጥ ጨው መጨመር መርዙ ወደ ደም እንዳይገባ ይከላከላል፤ ለ63 ሊትር ውኃ 6 ግራም፥ ይኸውም 1 የሻይ ማንኪያ ያህል ይበቃል።

7. መብራት በሌለበት ትምህርት ቤት

የኤሌክትሪክ ኀይል በሌለበት ስፍራ የዋሪንግተን አባት መንገድ ይያዝ። ገንዳው ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ ይሁን፤ አየር የሚገባው በውኃው ፊት ነውና። የውኃ ሣር በብዛት ይተከል፤ ሣሩ አሞኒያውን ራሱ ይመገባል፥ በቀንም ኦክሲጅን ይሰጣል። ሣሩ ሥር ሰዶ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ዓሣ አይግባ፤ ቢገባም ከ1 ወይም ከ2 ትንንሽ ዓሣ አይለፍ። መመርመሪያ ጠብታ ከሌለ 2 ወር ሙሉ መጠበቅ፥ ከዚያም አንድ ዓሣ አስገብቶ 2 ሳምንት መመልከት ይሻላል።

8. ለልጆች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

ውኃው ጠርቶ ሳለ ዓሣው የሚሞተው ስለ ምንድር ነው? አሞኒያ ከየት ይመጣል፥ ወዴትስ ይሄዳል? ናይትራይት የዓሣን ደም ምን ያደርገዋል? ማጣሪያ በሳሙና የማይታጠበው ስለ ምንድር ነው? ፍግ በተበተነበት እርሻና በገንዳው መካከል ያለው አንድነት ምንድር ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ልጆች ከግድግዳው ወረቀት መልስ የሚሰጡ ሲሆኑ፥ ዓሣ ገና ሳይገባ ገንዳው ማስተማር ዠምሯል ማለት ነው። አንድ ወር ሙሉ ባዶ የሚመስለውን ውኃ ሲመግቡና ሲለኩ የሰነበቱ ልጆች፥ ዓሣው በገባ ቀን የሚያዩት ዓሣውን ብቻ አይደለም፤ ዓሣው በምን እንደሚኖርም ያውቃሉ። ከመካከላቸውም ዓሣ ቢሞት፥ ጓደኛን በመክሰስ ፈንታ ወደ መመርመሪያው ጠብታ ይሄዳሉ።